የፈለሰው ረድፍ

ሀሴት መቱ ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ ባለች ትንሽ የምህንድስና ቢሮ ንድፍ ሠራተኛ ነበረች። ቢሮዋ የኢንጂነር ጸጋአብ ናት። እሱ መንገድ ይነድፋል፤ ዋቁማ የሚባል ቀያሽ ሜዳ ወጥቶ ይለካል፤ ዋቁማ ለክቶ የላከውን ኮምፒውተር ላይ ማስፈር የሀሴት ሥራ ነው። ሦስቱም ለዓመታት አብረው ስለሠሩ ብዙ መነጋገር አያስፈልጋቸውም ነበር። በኋላ ከጎዳቸው ነገር አንዱም ይኸው ነው።

በዚያ ዓመት የሁሩሙ ከተማ መግቢያ መንገድ እንዲቃና ተወሰነ። መንገዱ ከተማው ሊገባ ሲል የቤተ ክርስቲያኑን መቃብር ዞሮ በኃይል ይታጠፋል። ክረምት በመጣ ቁጥር ጭነት መኪና እዚያ ይገለበጣል። በመስከረም የቡና ጆንያ የጫነ አይሱዙ ተገልብጦ፣ ከጭነቱ ላይ ተቀምጦ ሲመጣ የነበረ ቀኖ የሚባል ወጣት ሞተ። የተቀበረውም ከሞተበት ቦታ ድንጋይ ቢወረወር ከሚደርስበት ነው። እናቱ እትዬ ዋሪቱ ከእሱ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም።

አዲሱ መንገድ ኩርባውን ቆርጦ በመቃብሩ ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ በመስመሩ ውስጥ የሚወድቁት መቃብሮች ተለይተው፣ አፅማቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወደተሰጠ ቦታ መፍለስ ነበረበት። ዋቁማ ሁሩሙ ሄዶ መቃብሮቹን አንድ በአንድ ለካ፤ በየራስጌያቸውም ቁጥር የተጻፈበት ችካል ተከለ። ልኬቱን ለሀሴት ልኮ ለሌላ ሥራ ወደ ኡካ ሄደ።

ጸጋአብ የመንገዱን ንድፍ ቀድሞ ጨርሶ ነበር። ፋይሉን ለሀሴት ሲሰጣት፣ "ወደ ዜሮ አምጥቼዋለሁ፤ እንዳለ አላሠራ ቢለኝ" አላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀያሽ የለካው ነጥብ ሁሉ ከአንድ መነሻ፣ ከዜሮ፣ ስንት ሜትር ወደ ምሥራቅና ስንት ሜትር ወደ ሰሜን እንደሆነ በቁጥር ይያዛል። ያ ዜሮ ሁሩሙ አይደለም፤ ኢትዮጵያ ውስጥም አይደለም። በደቡብ ምዕራብ፣ ከምድር ወገብ ላይ፣ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ የሚይዘው አሃዝ ልክ አለው፤ ከፊት ያለው ቁጥር ሲረዝም ከኋላ ያለው ትንሹ ይደበዝዝበታል። ስክሪኑ ላይ መስመሮች ይንቀጠቀጣሉ፣ ክቡ ጥርስ ያወጣል፣ ጠቋሚው ያላሉትን ነጥብ ይይዛል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ንድፉን በሙሉ ገፍቶ ወደ ዜሮው የሚያስጠጋው። ሥራው ሲያልቅ በተገፋበት ልክ ይመልሰዋል። ክፋት የለውም። ብቻ በስንት እንደተገፋ በትክክል መታወቅ አለበት።

"በስንት ገፉት?" አለችው ሀሴት።

"በሰባት መቶ ዘጠና ሰባት ሺህና በዘጠኝ መቶ ሃያ አንድ ሺህ። ድፍን ቁጥር ነው" አላት፣ ከስልኩ ቀና ሳይል።

መቃብሮቹን በዚያው ቁጥር ገፍታ ከመንገዱ ንድፍ ላይ አሳረፈቻቸው። መንገዱ በመካከለኛው ረድፍ ላይ ወደቀ። የታችኛው ረድፍ በአሮጌውና በአዲሱ መንገድ መካከል ሳይነካ ይቀራል። አንድ ነገር ግን ዓይኗን ያዘው። የመቃብሩ አጥር ሁለት ቦታ ይታያል፤ አንዱ ከመንገዱ ንድፍ ጋር የመጣው የቀድሞው ልኬት፣ ሌላው ዋቁማ አሁን የለካው። ጎን ለጎን ሆነው እኩል ይወርዳሉ እንጂ አይገጥሙም።

"ኢንጂነር፣ አጥሩ ሁለት ሆነብኝ።"

ጸጋአብ መጥቶ ከትከሻዋ በላይ አየ። "አድሰውት ይሆናል፤ ሲያድሱ ገፍተውታል ማለት ነው። አዲሱ የዋቁማ ነው፤ የዋቁማን ያዢ።"

ለዋቁማ ደወለች። ኡካ ኔትወርክ አልነበረም። ከሰዓት መልሳ ልትደውል አሰበች። ከሰዓት ከሁሩሙ ተደውሎ የሚነሱት መቃብሮች ቁጥር ቶሎ እንዲላክ ሲነገራት ላከች፤ ለዋቁማ መደወሉንም ተወችው። አጥሩን ስለማደሱ ማንም ማንንም አልጠየቀም።

በየካቲት ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰበሰበ። ሀሴትና ጸጋአብም ነበሩ። ከከተማው አስተዳደር የመጣው ሰው በኦሮምኛም በአማርኛም አስረዳ፤ መስመሩን ያወጣው ኮምፒውተር እንደሆነ፣ ለሀብታምም ለድሃም እንደማያዳላ ተናገረ። በየቁጥሩ የተቀበሩት ሰዎች ስም ሲነበብ ከታችኛው ረድፍ ቤተሰቦች መካከል አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው "ተመስገን" ሲሉ ተሰማ። ከመካከለኛው ረድፍ ስም ውስጥ ቀኖ ነበረ።

እትዬ ዋሪቱ ከሴቶቹ መሃል ተነሱ። ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናቸው።

"ዓመት አልሞላውም" አሉ። "ሌላው ሁሉ አፅም ነው። የኔ አፅም አይደለም። መስመሩን አንድ ረድፍ ብቻ ፈቀቅ ብታደርጉት ምን አለበት?"

ጸጋአብ ራሱ ነበር የመለሰላቸው። ድምፁ ለስላሳ ነበር። "እትዬ፣ ፈቀቅ ባደርገው ኩርባው ይመለሳል። ያን ጊዜ ምን ሠራን?"

እትዬ ዋሪቱ ወደ ኩርባው ዞረው አዩ። መንገዱ ላይ አንድ ባጃጅ እያቃሰተ ይወጣ ነበር።

"ከተቃና መኪና አይገለበጥም?"

"አይገለበጥም።"

"ሰው አይሞትም?"

"በዚህ ኩርባ የተነሳ አይሞትም፣ እትዬ።"

"እንግዲያው ይሁን" ብለው ተቀመጡ። አጠገባቸው የነበሩት ሴቶች አለቀሱ፤ እሳቸው አላለቀሱም።

አፅሙ የፈለሰው ከዐቢይ ጾም መግቢያ በፊት ነው። ሀሴት ቁጥሮቹን ከችካሎቹ ጋር እያመሳከረች በየመቃብሩ ራስ ትቆማለች። ካህናቱ ፍትሐት ያደርሳሉ፣ ወንዶች ይቆፍራሉ፣ አፅሙ በነጭ አቡጀዲ እየተጠቀለለ ይወጣል። ብዙው ፀጥ ያለ ነበር። አንዳንዶቹ አያታቸውን ሲያዩ እንግዳ እንደተቀበሉ ሁሉ ጎንበስ ብለው እጅ ይነሱ ነበር።

የቀኖ ተራ ሲደርስ የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ አባ ወልደ ሰንበት እትዬ ዋሪቱን ቤት እንዲቆዩ ለመኗቸው። አልሰሙም። ወንዶቹ አፈሩን ካነሱ በኋላ አፍና አፍንጫቸውን በሻሽ አሰሩ። ሣጥኑ በዝናቡ ውሃ ጎብጦ ነበር፤ ሊያነሱት ሲሉ ሥሩ ለቀቀ። ሀሴት ፊቷን አዞረች። ፊቷን እንዳዞረች የሰማችው የአንድ ሴት ጩኸት ሳይሆን ዝቅ ያለ፣ የተረጋጋ ድምፅ ነው።

"ኢልማ ኮ" አሉ እትዬ ዋሪቱ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "እግሩን ቀና አድርጉለት። እንዲያ አይደለም የሚያዘው። ቀና አድርጉለት።"

በአዲሱ ቦታ አፈር ሲለብስ ነበር እትዬ ዋሪቱ የወደቁት፤ ሴቶቹ ተሸክመው ወሰዷቸው።

ከፋሲካ በኋላ ሥራ ተቋራጩ መጣ። የእሱ ቀያሾች መሃል መስመሩን የተከሉት ጸጋአብ ንድፉን ወደ ዜሮ ሳይገፋው በፊት ባወጣላቸው ቁጥር ነበር። በዚያው ሳምንት ዋቁማ ከኡካ ሲመለስ በሁሩሙ አለፈ፤ ችካሎቹንም አየ። ከሚኒባሱ ወርዶ ደወለ።

"ሀሴቴ፣ የትኛውን ረድፍ ነው ያስነሣችሁት?"

"መካከለኛውን።"

ከጀርባው የገበያተኛ ጫጫታ ይሰማታል።

"የመንገዱ ችካል እኮ ታች ነው ያለው" አላት። "የተቆፈሩት ጉድጓዶች ከመንገዱ ውጪ ናቸው። ታች ያሉት ግን አልተነሡም፤ መንገዱ የሚያልፈው በነሱ ላይ ነው።"

ቢሮ ሲደርስ ሁለቱም አንድ ወንበር ተጋርተው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ዋቁማ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ያለውን የልኬት ምሰሶ ፈልጊ አላት፤ ከአሮጌው ልኬትም ከአዲሱም ውስጥ ያለ ብቸኛ የማይንቀሳቀስ ነገር እሱ ነው። አገኘችው። እንደ አጥሩ ሁሉ እሱም ሁለት ነበር። በመካከላቸው ያለው ርቀት አሥራ አንድ ሜትር ነው።

ከዚያ ምክንያቱን ማግኘት አልከበዳቸውም። ንድፉ ላይ በየድፍን ቁጥሩ ትንንሽ መስቀሎች አሉ፤ ከጎናቸው ቁጥራቸው ተጽፏል። ጸጋአብ ንድፉን ሲገፋ ቁጥሩን አልጻፈም፤ መስቀሉን በማውዝ ይዞ ወደ ዜሮ ጎተተው። ስክሪኑ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር ጠቋሚው የያዘው የመስቀሉን መሃል ሳይሆን አሥራ አንድ ሜትር ርቆ ከጎኑ ያለውን የጽሕፈቱን መጀመሪያ ነበር። እሱ ግን በድፍን ቁጥር የገፋው መሰለው። ለእሷም ድፍን ቁጥር ብሎ ነገራት።

ጠርተው አሳዩት። ጸጋአብ አየ፣ ራሱ ለካ፣ እንደገና ለካ። ፊቱ አመድ መሰለ።

"የኔ ነው" አለ። ቆይቶ ተነሣና መስኮቱን ዘጋ። "ስሙኝ። ንድፉ ተሻሻለ እንላለን። ለመንገዱ ደኅንነት ሲባል መስመሩ ትንሽ ወረደ፤ ስለዚህ ታችኞቹም ይነሣሉ።"

"ውሸት ነው" አለ ዋቁማ።

"ውሸት ነው። እውነቱ ማንን ይጠቅማል? የተነሣው ተነሥቷል። እዚያች እናት ዘንድ ሄደህ 'ልጅዎን በከንቱ ነው ያወጣነው' ትላቸዋለህ? አንተ ከሆንክ ሂድ።"

ዋቁማ መሬት መሬቱን አየ። የሚያስፈራው ነገር ጸጋአብ ከሌባ አፍ የሚወጣ ቃል አለመናገሩ ነበር። አነጋገሩ እንደ ደግ ሰው ነበር።

ከዚያ በኋላ ምግብ አልበላ አላት። ስክሪኑ ላይ ሁለቱ አጥሮች ይታዩዋታል። አንዴ ብቻ መደወሏ፣ "የዋቁማን ያዢ" ሲላት እፎይ ማለቷ ይታወሳታል። እውነት ለመናገር ያን ጊዜ ደስ ብሏት ነበር፤ ሥራው አለቀላት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለማንም ሳትናገር ከመናኸሪያው የሁሩሙ ሚኒባስ ተሳፈረች።

እትዬ ዋሪቱ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሱ ነበር። ሀሴትን ከመቃብሩ ሥራ አስታወሷት።

"ታኢ፣ ኢንታላ ኮ፤ ተቀመጪ፣ ልጄ" አሉና ዱካ አቀረቡላት።

ተቀምጣ ነገረቻቸው፤ መንገዱ የሚያልፈው በታችኛው ረድፍ መሆኑን፣ ቢሮው ግን ንድፉ ተሻሻለ ሊል እንዳሰበም። ስለ ዜሮውና ስለሚንቀጠቀጠው መስመር ለማስረዳት ሞከረች፤ መሃል ላይ ራሷ አፈረችና ተወችው። "ተሳስተናል" አለች። "ቀኖ ያለበት ረድፍ መነሣት አልነበረበትም። መንገዱ አይነካውም ነበር።"

"ዱጋዳ?" አሉ። እውነት ነው?

"እውነት ነው፣ እትዬ።"

የያዙትን ቅጠል ወደ ሳፋው አልጣሉትም። በጣታቸው ያሻሹታል።

"እዚያው ተኝቶ ይቀር ነበር?"

"አዎ።"

"ቀድሞ ያወቀ ሰው አለ?"

"የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ግን አንድ የማይገጥም ነገር አይቼ ነበር። አጥሩ ሁለት ሆኖ ይታይ ነበር። ለቀያሹ ደወልኩ፤ ስልኩ አልሠራም።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ... አልደወልኩም።"

ጎረቤት ሴት በአጥሩ በኩል ሰላም ብላቸው አለፈች፤ በጭንቅላታቸው መለሱላት።

"ልጄን እንደዚያ ሆኖ አየሁት" አሉ በመጨረሻ። "እናት የማታየውን አየሁ። ቻልኩት። ለምን ቻልኩት ብትይ፣ የሌላዋ ልጅ እዚያ ኩርባ ላይ እንዳይቀር ነው ብዬ። ሲያቃዠኝ ተነሥቼ ይህንኑ ለራሴ እነግረው ነበር። አሁን ምን ብዬ ልንገረው?"

ሀሴት ከሳፋው ዳር የወደቀ ቅጠል አንሥታ መለሰች።

"አንቺ ሸክሙን አውርደሽ ልትሄጂ ነው የመጣሽው። አወረድሽው። ይኸው እኔ ላይ ነው።"

"ይቅር በሉኝ ልል አልመጣሁም፣ እትዬ። ግን..."

"አታልቅሺብኝ። እዚህ ቤት የሚለቀሰው ለሌላ ነው።" ሳፋውን ይዘው ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ። "ነገ ከቅዳሴ በኋላ ነይ። ለኔ ብቻ ነግረሽ አትሄጂም። የታችኛው ረድፍ ሰዎች የራሳቸውን ሲያወጡ ደግሞ በውሸት እንዳያወጡ።"

እሑድ መጣች። አባ ወልደ ሰንበት ከቡራኬ በኋላ ሕዝቡን አስቆሙላት። ተናገረች፤ ስህተቱ የቢሮው መሆኑን፣ እሷም አይታ እንዳለፈች። መጀመሪያ ማንም የገባው አልመሰለም። ቀጥሎ አንድ ሰው፣ አባቱ ከመካከለኛው ረድፍ የተነሡበት፣ "በከንቱ? በከንቱ ነው?" እያለ ወደ እሷ መጣ። ካህናቱ መሃል ገቡ። ከኋላ የተወረወረ ጓል ትከሻዋን መታት። ከወራት በፊት "ተመስገን" ያሉት ሽማግሌ ከአጥሩ ሥር ቁጭ ብለው ራሳቸውን ይይዙ ነበር፤ ሚስታቸውና ሁለት ልጆቻቸው ታችኛው ረድፍ ውስጥ ናቸው።

የታችኛው ረድፍ ቤተሰቦች ከዚያ ወዲያ ቁጥር አንቀበልም አሉ። ዋቁማ መጥቶ ከችካል ወደ ችካል ሲባጎ ወጠረ። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ሰው ሲባጎው ውስጥ መሆኑን በዓይኑ እስኪያይ አብረውት ሄዱ። ገቡ፤ ሁሉም ገቡ። ማስነሣቱ የማይቀር ነበርና በግንቦት፣ ዝናቡ ጀምሮ፣ በጭቃ ውስጥ ተነሡ። ሀሴት ልታግዝ ሄዳ ነበር። አንዲት ሴት የሀሴትን እጅ ከባሬላው ላይ አላቃ፣ "አንቺ ሂጂ፤ ሰው አለን" አለቻት። ሄደች።

ጸጋአብ አልጮኸባትም። ቢሮ ስትገባ እንቅልፍ አጥቶ ያደረ ዓይኑን ሳያነሣ፣ "ከእንግዲህ አብረን መሥራት አንችልም" አላት። በኋላ መንገዱን ለሚያሠራው መሥሪያ ቤት በተጻፈው ሪፖርት ስህተቱ የንድፍ ሠራተኛዋ መሆኑ ሰፈረ። ዋቁማ ይህን ሲሰማ ቢሮውን ለቆ ጎሬ ሌላ ሥራ ያዘ። ሀሴትን ከብዙ ወራት በኋላ በደሌ የቤት ፕላን የሚሠራ ሰው ቀጠራት። እዚያ ንድፍ ወደ ዜሮ አትገፋም። ያለበት ትተወዋለች፤ የሥራ መነሻዋን ብቻ ነው አጠገቡ የምታመጣው። አሠሪዋ ለምን እንደምትዘገይ ሲጠይቃት እንዲያ ለምጃለሁ ትለዋለች።

እትዬ ዋሪቱ አንድ ነገር ጠየቁ፤ ቀኖ ወደ ቦታው ይመለስ። ጉድጓዱ ባዶውን አለ፤ መንገድም አያልፍበትም። ሽማግሌዎቹ ለሁለት ተከፈሉ። አባ ወልደ ሰንበት ሌሊቱን ሲጸልዩ አድረው ጠዋት ቤታቸው ድረስ ሄዱ።

"ዋሪቱ ልጄ፣ ሁለት ጊዜ ቀብረነዋል። እንደገና ላውጣው ብል እጄ አይታዘዘኝም። ይረፍ።"

"እኔ ሳላርፍ እሱ ያርፋል?" አሏቸው።

አባ መስቀል አሳልመዋቸው ወጡ።

መንገዱ በቀጣዩ ዓመት ተጠናቀቀ። ከመካከለኛው ረድፍ የቀሩት ጉድጓዶች ውሃ እያቆሩ ከብት ስለሚገባባቸው ሕዝቡ ወጥቶ ደለደላቸው። የቀኖን ግን እትዬ ዋሪቱ አላስነኩም። ዙሪያውን በእሾህ አጠሩት። በበዓላት ቀን ወደ አዲሱ ቦታ አይሄዱም፤ ልጃቸው ካለበት ሳይሆን ከባዶው ጉድጓድ አፍ ላይ ይቀመጣሉ። ሰዎች መጀመሪያ ሊመክሯቸው ሞከሩ፣ ከዚያ ለመዷቸው፣ ከዚያ ልጆቹ ይፈሯቸው ጀመር።

በጥቅምት ታመው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ከመሞታቸው በፊት አባን አስጠርተው የት እንደሚቀበሩ ተናገሩ፤ አባም በዚህ አልተከራከሩም። እሾሁን አንሥተው፣ የገባውን ውሃ ቀድተው አውጥተው፣ በልጃቸው ጉድጓድ ቀበሯቸው። ልጁ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው።

ሀሴት የሰማችው ከሠልስት በኋላ ነው። ከበደሌ ተነሥታ ለቅሶ ልትደርስ ሁሩሙ ስትገባ የእትዬ ዋሪቱ በር በሰንሰለት ተቆልፎ አገኘችው። ጎረቤታቸውን ማን ለቅሶ እንደተቀመጠ ጠየቀቻት። ሴትየዋ ልጅ ታጥብ ነበር፤ እጇን ከሳሙናው ሳታወጣ፣ "ማን አላቸውና፣ እህቴ" አለቻት።